ባሕር ተሻግረው ኳስ የሚማሩ ልጆች

ባለፈው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በአንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ጋዜጣ ሳነብ፥ ሁለት ወጣቶች ከአጠገቤ ካለው ጠረጴዛ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይከራከሩ ነበር። አንደኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ሁለተኛው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሥራ ከጀመረ ገና ዓመት ያልሞላው ጸሓፊ ነው። ክርክሩ ስለ ደመወዝ ወይም ስለ ፈተና መስሎኝ ነበር፤ ጆሮዬን ጣል ሳደርግ ግን የሚከራከሩት ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ እግር ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጸሓፊው አጎት ከብዙ ዓመት ጀምሮ በአሜሪካ አገር፥ ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ በምትገኘው በሜሪላንድ ይኖራል። ልጁ እዚያው ተወልዶ እዚያው ያደገ ሲሆን፥ ኳስ ሲጫወት ያየው ሁሉ ያደንቀዋል። በቅርቡ አንድ ሰው ወደ አባትየው መጥቶ፥ «ልጅህን በአውሮፓ ከሚገኝ ትልቅ ክለብ አስገባልሃለሁ፤ ለጉዳዩ ማስፈጸሚያ የሚሆን ገንዘብ ግን አስቀድመህ ክፈለኝ» አለው። አጎትየውም ቀንና ሌሊት ሁለት ሥራ እየሠራ ያጠራቀመውን ሊሰጥ ተነሣ። ያ ስላልበቃው ደግሞ፥ አዲስ አበባ ካለው ከአባታቸው ቤት የሚደርሰውን ድርሻ እንዲሸጡለት ወደ ወንድሙ ስልክ ደወለ።

ተማሪው፥ «ይሽጥ እንጂ! ፑሊሲክስ ጀርመን የገባው በ16 ዓመቱ አይደለም እንዴ? ስንት ሚሊዮን እንዳወጣ ረሳኸው?» ይላል። ጸሓፊው ደግሞ፥ «ቤት አንዴ ከተሸጠ ማን ይመልሰዋል? ልጁ ባይሆንለትስ፥ አጎቴ በስተርጅናው የት ሊገባ ነው?» ብሎ ይመልሳል። እንዲህ ሲባባሉ ቆይተው ወደ እኔ ዘወር አሉና፥ «ጋሼ፥ ስለ ኳስ የሚጽፉት እርስዎ አይደሉም እንዴ? እስቲ ይፍረዱን» አሉኝ። እኔም፥ «እንዲህ ያለው ነገር ሻይ እየጠጡ አይፈረድም፤ በሚመጣው ሳምንት በዓምዴ ላይ እመልስላችኋለሁ» አልኋቸውና ተለያየን። እነሆ፥ ዕዳዬን ልክፈል። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍሁት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን ግን አንባቢ እንዲያውቅልኝ እለምናለሁ።

አሜሪካ በብዙ ነገር ለሌላው ዓለም አስተማሪ ነኝ የምትል አገር ናት፤ በእግር ኳስ ግን ተማሪ ናት። እርግጥ ነው፥ በ1950 በብራዚል አገር በተደረገው የዓለም ዋንጫ፥ ቤሎ ሆሪዞንቴ በምትባለው ከተማ እንግሊዝን 1 ለ 0 አሸንፋ ሁሉን አስደንቃለች። ያችን ጎል ያገባው ጆ ጌትየንስ የሚባል የሃይቲ ተወላጅ ሲሆን፥ ወደ አሜሪካ የሄደው በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ አያያዝ ሊማር ነበር፤ ራሱንም ይረዳ የነበረው በምግብ ቤት ሳሕን እያጠበ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን አገሪቱ እስከ 1990 ድረስ፥ 40 ዓመት ሙሉ፥ ወደ ዓለም ዋንጫ ሳትመለስ ቀረች። ዛሬ ያለው ትልቁ ሊጓም የተመሠረተው በ1993 ሲሆን፥ ጨዋታ የጀመረው በ1996 ነው።

ለዚህ ኋላ መቅረት አንዱ ምክንያት የትምህርት ቤት ሥርዓቱ ነው። በአሜሪካ ልማድ ጎበዝ ተጫዋች ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይገባና ለዩኒቨርሲቲው ቡድን ይጫወታል። ይህ ለአእምሮ መልካም ነው፤ የዩኒቨርሲቲው ውድድር ግን በዓመት ውስጥ በጥቂት ወራት የታጠረ ነው። የእርሱ እኩያ የሆነው የጀርመን ወይም የሆላንድ ልጅ ግን በዚያ ዕድሜ ዓመቱን ሙሉ ይለማመዳል፤ ዕድል ከቀናውም ደመወዝ ከሚበላ ጐልማሳ ጋር ትከሻ ለትከሻ ይጋፋል። ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። እኛ ልጆች ሳለን ኳሳችን ከአሮጌ ካልሲና ከጨርቅ የተጠቀለለ ነበር፤ ከእናቶቻችን ቁጣ በቀር የሚያስከፍለን ነገር አልነበረም። በአሜሪካ ግን ልጅን በደኅና ቡድን ውስጥ ለማጫወት ወላጅ ለአሠልጣኝም፥ ለመለያ ልብስም፥ ለጉዞም የሚከፍልበት ቦታ ብዙ ነው። የሜሪላንዱ አባት መክፈልን እንደ ተራ ነገር ቢቈጥረው አይፈረድበትም፤ ያለበት አገር ያስለመደው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ በኳስ የተዋጣለት አሜሪካዊ ልጅ ዐይኑን ወደ አውሮፓ ቢያነሣ አያስደንቅም። ነገር ግን የሄዱት ሁሉ አንድ ዓይነት ዕጣ አላጋጠማቸውም። የጥቂቶቹን ታሪክ ጎን ለጎን አስቀምጠን ብንመለከት ጥሩ ትምህርት እናገኝበታለን።

መጀመሪያ ላንደን ዶነቫንን እንውሰድ። ይህ የካሊፎርኒያ ልጅ በ1999 በኒው ዚላንድ በተደረገው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። በዚያው ዓመት የጀርመኑ ክለብ ባየር ሌቨርኩሰን ወሰደው። ገና 17 ዓመቱ ነበር፤ ቋንቋውን አያውቅም፥ ዘመድም በአጠገቡ የለውም። ለዋናው ቡድን አንድ ጨዋታ እንኳ ሳይሰለፍ ከሁለተኛው ቡድን ጋር ሲለማመድ ከረመ፤ የአገሩም ናፍቆት ያዘው። በ2001 በውሰት ወደ ሳን ሆሴ ሲመለስ፥ «ይህ ልጅ አልቻለም» ያሉ ብዙዎች ነበሩ። እርሱ ግን በዚያው ዓመት ከአዲሱ ክለቡ ጋር የአሜሪካን ሊግ ዋንጫ አነሣ፤ ለብሔራዊ ቡድኑም በጠቅላላው 57 ጎል አገባ። በ2010 በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የዓለም ዋንጫ መደበኛው 90 ደቂቃ ካለቀ በኋላ በአልጄሪያ ላይ ያገባት ጎል ከቶ የምትረሳ አይደለችም። እንግዲህ ዶነቫን ተሰጥኦ አላነሰውም። የጐደለው በአጠገቡ የሚሆን ሰውና የሚጫወትበት ሜዳ ነበር።

ሁለተኛው ፍሬዲ አዱ ነው። ጋና አገር፥ ቴማ በምትባለው የወደብ ከተማ ተወለደ። እናቱ እኛም አገር ብዙ ሰው ወረፋ ይዞ የሚሞላው የአሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ ዕጣ ደረሳቸውና፥ ቤተ ሰቡ በ1997 ሜሪላንድ ገባ። ልጁ በ14 ዓመቱ ዲሲ ዩናይትድ ከሚባለው የዋሽንግተን ክለብ ጋር ተዋዋለ፤ በሚያዝያ 2004 የመጀመሪያ ጨዋታውን ተጫወተ። በአሜሪካ የደመወዝተኛ ቡድን ስፖርት ውስጥ እንደርሱ ያለ ትንሽ ልጅ ከመቶ ዓመት ወዲህ አልታየም ነበር። ጋዜጣው ሁሉ «አዲሱ ፔሌ» አለው፤ ከራሱ ከፔሌም ጋር ለለስላሳ መጠጥ ማስታወቂያ ተነሣ። በ2006 በ16 ዓመቱ ለብሔራዊ ቡድኑ ተሰለፈ። በ2007 የፖርቱጋሉ ቤንፊካ ገዛው። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ግን የሻንጣ ታሪክ ነው፤ በአራት ዓመት ውስጥ ከቤንፊካ ወደ ሞናኮ፥ ከሞናኮ ተመልሶ ወደ ቤሌኔንሰስ፥ ከዚያ ወደ ግሪክ፥ ከዚያም ወደ ቱርክ በውሰት ተላከ። ሥር ሊሰድ የሚችልበት አንድም ቦታ አላገኘም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን የቸኰሉት ትልልቆቹ ሲሆኑ፥ ለቃሚው ልጁ ሆነ።

ሦስተኛው ተማሪው ወዳጄ የጠቀሰው ክርስቲያን ፑሊሲክ ነው። በ1998 በፔንሲልቫኒያ ግዛት፥ በቸኮላት ፋብሪካዋ ከምትታወቀው ከኸርሺ ከተማ ተወለደ። አባትና እናቱ ሁለቱም በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ኳስ ይጫወቱ ነበር። ትንሽ ልጅ ሳለ እናቱ ለአስተማሪነት ወደ እንግሊዝ ሲሄዱ አብሮ ሄዶ አንድ ዓመት ያህል እዚያ ኖሯል፤ የኳስ ፍቅሩም የበረታው ያን ጊዜ ነው ይባላል። በ2015 መጀመሪያ ላይ በ16 ዓመቱ ቦሩስያ ዶርትሙንድ ከሚባለው የጀርመን ክለብ ገባ። ተማሪው እስከዚህ ድረስ የተናገረው ልክ ነው። ያልተናገራቸው ግን ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው፥ ፑሊሲክ ብቻውን አልሄደም። አባቱ ሥራቸውንና ቤታቸውን ትተው አብረውት ወደ ዶርትሙንድ ሄዱ። ልጁ ጀርመንኛ እስኪለምድ፥ ትምህርት ቤቱን እስኪላመድ፥ በልምምድ ተሸንፎ አዝኖ ሲመለስ፥ ማታ ቤት ውስጥ የሚጠብቀው አባት ነበረው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የሚባለው ለታመመ ብቻ አይደለም። ዶነቫንና ፑሊሲክ ወደ አንድ አገር፥ እንዲያውም በባቡር ሩቅ ወደማይራራቁ ሁለት ከተሞች ሄዱ፤ አንዱ በናፍቆት ተመለሰ፥ ሌላው ጸንቶ ቆየ።

ሁለተኛው ነገር ወረቀት ነው። የፑሊሲክ አያት የተወለዱት ኦሊብ በምትባል ትንሽ የክሮኤሺያ ደሴት ነው። በእርሳቸው ምክንያት የልጅ ልጃቸው የክሮኤሺያ ዜግነት አገኘ፤ ክሮኤሺያም የአውሮፓ ኅብረት አባል ስለሆነች በ16 ዓመቱ በጀርመን ክለብ ለመመዝገብ ቻለ። ያ ወረቀት ባይኖር ኖሮ 18 ዓመት እስኪሞላው መጠበቅ ነበረበት።

እዚህ ላይ ጸሓፊው ወዳጄ እርሳሱን ያንሣ፤ የጉዳዩ ቍልፍ ይህ ነውና። የዓለም የእግር ኳስ ማኅበር፥ ማለት ፊፋ፥ ከ2001 ጀምሮ ባወጣው ደንብ፥ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር ክለብ ማዛወር የተከለከለ ነው። ደንቡ የወጣው ልጆችን ለመጠበቅ ነው፤ ብዙ ልጆች፥ በተለይም ከአፍሪካ፥ በደላላ ተወስደው ክለቡ ሳይቀበላቸው ሲቀር በባዕድ ከተማ መንገድ ላይ ይጣሉ ስለ ነበር። ለክልከላው ጥቂት ቀዳዳዎች አሉት። ወላጆቹ ከኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት፥ ለምሳሌ በሥራ፥ ወደዚያ አገር ከሄዱ ልጁ ሊመዘገብ ይችላል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች መካከል ለሚደረግ ዝውውር ከ16 እስከ 18 ዓመት ያለው ልጅ፥ የትምህርቱና የመኖሪያው ነገር ከተረጋገጠ፥ ይፈቀድለታል። ክለቡና ቤቱ ከድንበር ወዲህና ወዲያ ሆነው የሚቀራረቡ ልጆችም እንደዚሁ። የእንግሊዝ ክለቦች ደግሞ አገራቸው ከኅብረቱ ስለወጣች፥ ከ2021 መጀመሪያ አንሥቶ ሁለተኛው ቀዳዳ ተዘግቶባቸዋል።

ይህ ደንብ በወረቀት ብቻ የቀረ እንዳይመስላችሁ። በ2011 ቤን ሌደርማን የሚባል የካሊፎርኒያ ልጅ በ11 ዓመቱ ወደ ባርሴሎና ክለብ የወጣቶች ማሠልጠኛ ገባ፤ ቤተ ሰቡም ተከትሎት ወደ እስጳንያ ተሻገረ። ጥቂት ቆይቶ ግን ፊፋ ዝውውሩ ከደንብ ውጭ ነው ብሎ ልጁን ከውድድር ጨዋታ አገደው። በ2014 ክለቡ ራሱ በእንዲህ ያሉ ልጆች ምክንያት ተከሶ፥ ለሁለት የምዝገባ ወቅት አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ተቀጣ። ልብ አድርጉ፤ በዓለም ላይ ከሁሉ ሀብታም ከሚባሉት ክለቦች አንዱ፥ ጠበቆቹን ሁሉ አሰልፎ ሊያመልጠው ያልቻለውን ደንብ፥ ሜሪላንድ ድረስ የመጣው ደላላ እንዴት አድርጎ ያመልጠዋል? ሌደርማን ወደ አሜሪካ ተመለሰ፤ ተስፋ ግን አልቈረጠም። ካደገ በኋላ እንደገና ወደ አውሮፓ ሄዶ በፖላንድ ለራኮቭ ክለብ ተጫወተ፤ ክለቡም በ2023 የአገሩ ሻምፒዮን ሆነ።

አሁን ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ወደሚቀርበው ልጅ እንምጣ። ገዲዮን ዘላለም ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በ1997 በበርሊን ተወለደ። በ2006 ወደ ዋሽንግተን አካባቢ ሄዶ፥ የጸሓፊው ያጎት ልጅ በሚጫወትባት በዚያችው በሜሪላንድ ኳስ ተማረ። በኳስ አመታቱና በዕይታው የተደነቀ አማካይ ስለ ነበር፥ የለንደኑ አርሰናል መልማዮች አዩት፤ በ2013 በ16 ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ሄደ። እርሱንም ያሳለፈው በትውልዱ ያገኘው የጀርመን ዜግነት ነው፤ ያን ጊዜ እንግሊዝ ገና የኅብረቱ አባል ነበረች። በጥር 2014 ከኮቨንትሪ ጋር በተደረገ የኤፍ ኤ ዋንጫ ጨዋታ ተቀይሮ ሲገባ፥ አሠልጣኙ አርሴን ቬንገር ክለቡን ከያዙ በኋላ ከተወለዱት ልጆች መካከል ለአርሰናል ዋና ቡድን የተሰለፈ የመጀመሪያው ሆነ። ያን ዕለት በአዲስ አበባም፥ በዋሽንግተንም፥ የእኛ ሰው በቴሌቪዥን ፊት ምን ያህል ደስ እንዳለው የማታስታውሱ አትኖሩም። በልጅነቱ ለጀርመን ወጣት ቡድኖች ተጫውቶ የነበረው ገዲዮን በ2014 መጨረሻ የአሜሪካ ዜግነት አገኘ፤ በ2015 የፊፋ ፈቃድ ወጥቶለት ለአሜሪካ ከ20 ዓመት በታች ቡድን በኒው ዚላንድ የዓለም ዋንጫ ተጫወተ።

ይሁን እንጂ በአርሰናል ዋና ቡድን ውስጥ የተሰለፈባቸው ጨዋታዎች በጣት የሚቈጠሩ ሆነው ቀሩ። እንዲያ ያለው ክለብ ለአንድ ቦታ ከመላው ዓለም የተመረጡ ሦስትና አራት ጐልማሶች አሉት፤ የ17 ዓመት ልጅ ምንም ጎበዝ ቢሆን ተራው የሚደርሰው አንዱ ሲታመም ነው። በ2015 በውሰት ወደ ስኮትላንዱ ሬንጀርስ ሄደ፤ ክለቡም በዚያው የውድድር ዘመን የሁለተኛውን ዲቪዚዮን ዋንጫ አንሥቶ ወደ ላይ ወጣ። በ2017 መጀመሪያ ወደ ሆላንዱ ቬንሎ ሄደ። ከዚያ በግንቦት ወር 2017 በደቡብ ኮርያ በተደረገው የወጣቶች ዓለም ዋንጫ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ይህ ጉዳት ለብዙ ወራት ከሜዳ ያርቃል፤ ሊያድግበት የሚገባውንም ዕድሜ ይበላል። በ2019 ከአርሰናል ተለይቶ ወደ አሜሪካ፥ ወደ ካንሳስ ሲቲ ተመለሰ፤ በ2021 ደግሞ የሊጉን ዋንጫ ባነሣው በኒው ዮርክ ሲቲ ክለብ ውስጥ ነበር።

አንዳንድ ሰው የገዲዮንን ስም ሲሰማ፥ «አልሆነለትም» ብሎ በአንድ ቃል ይዘጋዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ከሜሪላንድ ሜዳ ተነሥቶ የአርሰናልን መለያ ለብሶ የተሰለፈ፥ ኑሮውንም በኳስ ያቆመ ልጅ አልሆነለትም አይባልም። ነገር ግን ከእርሱ ታሪክ የምንማረው አለ። ወረቀቱ ነበረው፤ ተሰጥኦውም ነበረው፤ የክለቡ ስም ትልቅ ነበር። ያነሰው ከ17 እስከ 20 ባለው ዕድሜ በየሳምንቱ የሚጫወትበት ጨዋታ ነው። ተጫዋች እንደ ሹፌር ነው፤ መንገድ ላይ ወጥቶ ሲነዳ እንጂ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጦ መሪ ሲያሻሽ አይሠለጥንም።

ይህን በይበልጥ ለመረዳት ሁለት ሌሎች ልጆችን እንመልከት። ዌስተን ማኬኒ አባቱ በአሜሪካ አየር ኃይል ያገለግሉ ስለ ነበር ልጅነቱን በከፊል ያሳለፈው በጀርመን ነው፤ ኳስ መጫወት የጀመረውም እዚያ ካለ የመንደር ክለብ ነው። ከዚያ ወደ ቴክሳስ ተመልሶ በኤፍ ሲ ዳላስ አካዳሚ አደገ። የአያት ወረቀት አልነበረውምና በአገሩ ቆይቶ፥ 18 ዓመት ሲሞላው በ2016 ወደ ጀርመኑ ሻልከ ሄደ። ጀርመን ከ2006 ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጡ ተጫዋቾች የቍጥር ገደቧን ስላነሣች በር አልተዘጋበትም። በ2020 የጣልያኑ ዩቬንቱስ ወሰደው። ታይለር አዳምስ ደግሞ ከዚህም ይበልጥ የታገሠ ነው። በኒው ዮርክ ሬድ ቡልስ አካዳሚ አድጎ፥ በአገሩ ሊግ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጐልማሶች ጋር ተጋፍቶ፥ ወደ ጀርመኑ ላይፕዚግ የሄደው በ2019 መጀመሪያ በ19 ዓመቱ ነው። በነሐሴ 2020 ክለቡ ከአትሌቲኮ ማድሪድ ጋር በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ሲጋጠም፥ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ተቀይሮ የገባው ይህ ልጅ የማሸነፊያዋን ጎል አገባ። በ2022 በኳታር የዓለም ዋንጫ የአገሩ አምበል ሲሆን ዕድሜው 23 ነበር። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ለኳስ ተጫዋች የተተረተ ይመስላል።

ወደ ፑሊሲክ ልመለስና ነገሬን ላጠቃልል። ዶርትሙንድ ልጁን አልጋ ላይ አላስቀመጠውም፤ በጥር 2016 በ17 ዓመቱ በቡንደስሊጋ ተሰለፈ፥ በሚያዝያ ወር በሐምቡርግ ላይ የመጀመሪያ ጎሉን አገባ። በ2017 በትሪኒዳድ አገሩ 2 ለ 1 ተሸንፋ ከሩሲያው የዓለም ዋንጫ ስትቀር፥ የአሜሪካን ብቸኛ ጎል ያገባው እርሱ ነበር፤ ሲያለቅስም ሁሉም አየው። በ2019 ቼልሲ በ64 ሚሊዮን ዩሮ ገዛው። በ2021 ክለቡ ሻምፒዮንስ ሊግን ሲያሸንፍ ፖርቶ ላይ ተቀይሮ ገብቶ፥ በዚያ የፍጻሜ ጨዋታ የተሰለፈ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ወንድ ሆነ። ነገር ግን በለንደን ጉዳት እየተመላለሰበት፥ ተቀያሪ ወንበር ላይም እየዋለ ቆየ። በ2023 በጣም ባነሰ ዋጋ ወደ ሚላን ሄደ፤ በመጀመሪያው የውድድር ዘመን በጣልያን ሊግ 12 ጎል አገባ። 64 ሚሊዮን የወጣበት ሰው እንኳ የሚያምርበት ሲጫወት ነው፤ የክለቡ ዋጋና ስም ጨዋታን አይተካም።

አንድ የገንዘብ ነገር ልጨምር፤ ደላላው የደበቀው ይህን ነውና። በእውነተኛው የኳስ ዓለም ገንዘብ የሚከፍለው ክለብ ነው እንጂ ወላጅ አይደለም። በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ወደ ሌላ አገር ሲሸጥ፥ ከዋጋው ከመቶ 5 እጅ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። የአሜሪካ ሊግም በ2019 ይህን ድርሻ ለክለቦቹ መጠየቅ እንደሚጀምር አስታውቋል። ክለብ ልጁን ከፈለገው መልማዩን በራሱ ወጪ ይልካል፤ የመኖሪያውንና የትምህርቱን ነገር በውል ያስገባል። አባትን ቤት ሽጥ የሚል ግን ኳስ ሳይሆን ተስፋ የሚነግድ ሰው ነው።

እንግዲህ ዳኝነቴን ላሰማ። ሁለታችሁም በከፊል ትክክል ናችሁ። ተማሪው፥ ልጅ ባሕር ተሻግሮ ሊያድግ ይችላል ማለትህ እውነት ነው። ጸሓፊው፥ ቤቱ አይሸጥ ማለትህ ግን ከእውነትም በላይ ግዴታ ነው። ለአጎትህ ዛሬውኑ ደውልና ሦስት ነገር ጠይቅልኝ።

መጀመሪያ፥ «የልጁ ወረቀት ምንድር ነው?» በለው። የልጁ ወላጆች ኢትዮጵያውያን፥ ልጁም የአሜሪካ ዜጋ ብቻ ከሆነ፥ የአውሮፓ ክለብ በ14 ዓመቱ ሊያስመዘግበው አይችልም፤ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል። ሁለተኛ፥ «ቢሄድስ ከማን ጋር ይኖራል? ማን ያስተምረዋል?» በለው። ሦስተኛ፥ «በሚሄድበት ቦታ ይጫወታል ወይስ ይቀመጣል?» በለው። ደላላው ለሦስቱም በጽሑፍ የተፈረመ መልስ ከሌለው፥ ሻይ ጋብዞ ማሰናበት ነው።

ልጁስ? ልጁማ ባለበት ይጫወት። በዋሽንግተን ዙሪያ ሜዳና አሠልጣኝ ሞልቷል፤ ከአሜሪካ ሊግ ክለቦች ብዙዎቹ ጎበዝ ልጅ ካገኙ ያለ ክፍያ በአካዳሚያቸው ያሳድጋሉ። ትምህርቱን ይማር፤ አንድ የአውሮፓ ቋንቋም ከወዲሁ ይጀምር፤ 18 ዓመት ሲሞላው አዳምስና ማኬኒ የሄዱበት በር ለእርሱም ይከፈትለት ይሆናል። ባይከፈትለትም የተማረ ልጅ፥ ያልተሸጠ ቤትና ልጁን ደጅ ደጁን የማያስጠናው አባት ይኖሩታል።

ይህን የጻፍሁት ለአንድ ቤተ ሰብ ብቻ አይደለም። ከእናንተ ከአንባቢዎቼ መካከል ለትምህርት ውጭ አገር ለመሄድ ማመልከቻ ጽፋችሁ መልስ የምትጠባበቁ ብዙ እንደ ሆናችሁ አውቃለሁ። የትምህርት ቤቱን ስም ብቻ አትመልከቱ። እዚያ ስትደርሱ ማን እንደሚቀበላችሁ፥ ምን እንደምትሠሩ፥ ወረቀታችሁም ምን እንደሚፈቅድላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሁለቱ ወዳጆቼ በሚመጣው ቅዳሜ በዚያው ሻይ ቤት ከተገናኘን፥ ሒሳቡን የሚከፍለው ተሸናፊው ነው። እኔ ግን ዳኛ ነኝና አልከፍልም። ለሚቀጥለው ሳምንት በደኅና ያገናኘን።